የታፈሰ ድንጋይ

«የሥልጣን እርካብ» የሚለውን ሐረግ በየጋዜጣው የሚያንጠለጥሉ ሰዎች እርካብ በእግራቸው ነክተው አያውቁም። አንድ የነካ ሰው አውቃለሁ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ማጂ ይኖራል፣ ስሙ ታፈሰ ይባላል። ሥልጣን ግን በአጠገቡም አላለፈ።

ማረጋገጥ የፈለገ እግሩን ይመልከት። በሁለቱም እግሮቹ ላይ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ጣቶች ተጣልቶ ለብቻው ቆሟል። የድሮው እርካብ ሙሉ እግር አያስገባም፤ አውራ ጣትን ብቻ የሚቀበል የብረት ቀለበት ነው። ፈረሰኛው በባዶ እግሩ ይወጣል፣ ቀለበቱን በአውራ ጣቱ ቆንጥጦ ይዞ ይጋልባል። ታፈሰ ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ እንዲህ ሲጋልብ ስለኖረ ዛሬ የሚሆነው ጫማ የለም። ልጁ ዓለምሸት ከሚዛን የቆዳ ጫማ ገዝታለት ነበር። አንድ እሁድ አድርጎት ቸርች ሄደ፤ ሲመለስ በእጁ ይዞት መጣ።

የቃሉ ነገር ሲነሳ ሊቃውንቱ ይበዛሉ። ባለሱቁ አሕመዲን «ዐረብኛ ነው። ሪካብ ይባላል፤ ከኛ ነው የወሰዳችሁት» ይላል፣ በዱቤ የሰጠን ስኳር ይመስል። ቴፒ ካምፓስ የሚማረው አሞጽ ደግሞ «ግእዝ ነው! ረከበ ማለት አገኘ ማለት ነው፤ እግር የሚያገኘው ነገር» ብሎ ይሟገታል። አንድ ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ውለው ታፈሰን ዳኛ አደረጉት።

«ጋሽ ታፈሰ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አለ አሞጽ።

«ከየት እንደመጣ አላውቅም» አለ ታፈሰ። «ማን እንደያዘው ግን አውቃለሁ።»

እርካብ መያዝ ምን እንደሆነ ላላየ ላስረዳ። የእንጨት ኮርቻ ይንሸራተታል። ሰው በዚህ በኩል እርካቡን ረግጦ ሲወጣ ኮርቻው ወደሱ ይዞራል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው በወዲያ በኩል ያለውን እርካብ ወደ ታች ስቦ ሚዛኑን ይጠብቅለታል። ሥራው ይኸው ነው። ጓደኛሞች እያወሩና እየተሳሳቁ በአንድ እጃቸው ይሠሩታል። ጌቶች ሲገቡበት ግን የአንድ እጁ ሥራ የሁለት እጅ ሆነ፤ በሁለት እጅ፣ አንገትን ደፍቶ፣ ዓይንን መሬት ላይ ተክሎ። የታፈሰ አባት የአንድ ባለርስት እርካብ እንዲህ ሲይዝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። አዲስ አበባ ውስጥ የበራሪ ወረቀት ጸሐፊዎች «እርካብ ያዥ!» እየተባባሉ ሲሰዳደቡ እውነተኛው እርካብ ያዥ ማጂ ላይ ጭቃ ውስጥ በርከክ ብሎ ነበር። ወረቀቱን ያደረሰለት የለም። ቢደርሰውም ማንበብ ያስተማረው የለም።

መሬት ላራሹ ሲታወጅ ባለርስቱ ኮርቻውን እንኳ ሳይወስድ አገሩን ለቀቀ። አባትየው እርካቦቹን ከኮርቻው ፈትቶ ለልጁ ሰጠና አንድ ነገር አስማለው፦ «ጋልብባቸው። ለማንም ግን አትያዝ።»

ታፈሰ ማለ። ችግሩ፣ የማለው ሰው እንጀራው ሌላውን በፈረስና በበቅሎ ማጓጓዝ መሆኑ ነው። እርካብ ካልያዘለት ደንበኛው እንዴት ይውጣ? ታፈሰ ከደጁ ፊት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንከባሎ አመጣ፤ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ይላል። ከድንጋዩ ላይ የሚወጣ ሰው ኮርቻውን አይጎትትም፤ ያዥም አያስፈልገውም። ቡና ነጋዴው፣ ወንጌላዊው፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ ሁሉም ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ድንጋይ ላይ ወጣ። ካድሬዎችም ወጡ፤ አንዱ እንዲያውም ስለ አድኃሪ ልማድ ሊሰብከው ሲፈልግ ከፍ ብሎ የቆመው እዚያው ድንጋይ ላይ ነበር።

ዘንድሮ አጎራባች ከተማ ቱም ላይ የባህል ቀን ይከበራል ተባለና አስተባባሪው ቲቶ በሞተር ማጂ ወጣ። ቲቶ ክፉ ሰው አይደለም። ክፋት ጊዜ ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ስብሰባ ይበዛበታል።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ግራጫውን ፈረስ ይዘው ይመጣሉ። ክቡር እንግዳው ሜዳውን ሦስት ጊዜ ይዞሩበታል።»

«እሺ፣ እመጣለሁ።»

«እሳቸው ሲወጡ ደግሞ እርካቡን ይይዙላቸዋል። ነጠላ ለብሰው፣ ጎንበስ ብለው። ለፎቶ ነው፣ እንደ ድሮው።»

«እሱን አልይዝም።»

«ባህል እኮ ነው፣ ጋሼ!»

«የማን?»

ቲቶ ብዙ ሥልጠና ወስዷል፤ ይህን ጥያቄ የሚመልስ ግን አልወሰደም። ሞተሩን አስነሳና እንደ ዋዛ ጣል አደረገ፦ «ለነገሩ የዓለምሸት ኮንትራት በዚህ ወር ያልቃል፣ አይደል?»

ዓለምሸት ቱም ላይ የቲቶ ቢሮ ጸሐፊ ናት። ኮንትራቷ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ የሚያድሰው ቲቶ ነው። ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። የሞተሩ ጭስ ሳይጠፋ ታፈሰ ነገሩ ገብቶታል፦ ወይ መሐላው ይፈርሳል፣ ወይ ልጁ ሥራዋን ታጣለች።

በሦስተኛው ቀን ደወለችለት።

«አባባ፣ ሰማሁ።»

«ምን ላድርግ ትያለሽ?»

«ለኔ ብለህ እንዳትይዝ።»

«እንዲያውም አልሂድ ይሆን?»

«ለኔ ብለህ እንዳትቀርም።»

«ታዲያ ምን ተረፈኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አስቸጋሪው አንተ ነህ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ስልኩን ሲዘጋ የተቀመጠው ድንጋዩ ላይ ነበር። ተነሳ፣ ዞር ብሎ አየው።

በበዓሉ ዋዜማ ቡና የጫነው የሹፌሩ የናስር አይሱዙ ከታፈሰ ደጅ ቆመ። ስድስት ጎረምሶች ድንጋዩን እያቃሰቱ ከጆንያዎቹ ኋላ ጫኑት።

«ጋሼ፣ ቱም ድንጋይ አጠራት እንዴ?» አለ ናስር።

«አንተ ንዳ፤ አደራ፣ እንዳትሰብረው» አለ ታፈሰ፤ ድንጋዩ ሳይነሳ በፊት ፈረሱ ላይ ወጥቶ ነበርና ከኋላ ተከተለ።

በማግስቱ ቲቶ ሜዳው መሐል የተቀመጠውን ድንጋይ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እርካብ ያዡ ነው። ያዥ ፈልገህ አልነበር?»

«አልተግባባንም፣ ጋሽ ታፈሰ። ስለ ዓለምሸት የነገርኩዎትን ረሱት?»

«አልረሳሁም» አለ ታፈሰ፤ ፈረሱንም አልለቀቀም።

ድንጋዩን የሚያነሳ ሰው ሳይገኝ መኪኖቹ ደረሱ። ክቡር እንግዳው ሆዱ ቀድሞት ወረደ። ጫማው ያንጸባርቃል። ድንጋዩ ላይ ወጣና እግሩን ወደ እርካቡ ሰደደ፤ የጫማው ጫፍ እንኳ አልገባም።

«ጫማዎን ያውልቁ» አለ ታፈሰ።

እንግዳው ግራ ቀኙን አየ፣ ጫማውን አወለቀ። ካልሲው ቀዳዳ ነበረው፤ አውራ ጣቱ ቀድሞ ወጥቶ ተራውን ይጠብቃል። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። እውነት ለመናገር፣ እንግዳውም ሳቀ። ካልሲውን አውልቆ ጣቱን ቀለበቱ ውስጥ ከተተና ማንም ሳይዝለት ወጣ። ታፈሰ ከፈረሱ ራስ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የተነሳው ፎቶ ይህ ነው፤ ጎንበስ ያለ ሰው የለበትም።

ሦስት ዙር ዞሮ ሲወርድ እንግዳው ማይክራፎኑን ያዘ፦ «ይህ ድንጋይ ሊጠበቅ የሚገባው ቅርስ ነው!» ፊቱ ጠቁሮ የቆየው ቲቶ ከሁሉም ቀድሞ አጨበጨበ። ሰዓት አልፈጀም፤ ድንጋዩ ኖራ ተቀባ፣ ሽቦ ታጠረበት። ቅርስ ካለ ስለ ቅርሱ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል፤ ከቢሮው ሠራተኞች ከዓለምሸት ሌላ የሚያውቀው ስላልነበረ ኮንትራቷ እዚያው ሜዳ ላይ ታደሰ።

ሕዝቡ ሲበተን ታፈሰ ወደ ቲቶ ሄደ።

«እንግዲህ ድንጋዬን ልውሰድ።»

«ኧረ ጋሼ! የሕዝብ ሆነ እኮ!»

መሬት የሕዝብ ሆነ ሲባል በሁለት እጁ ያጨበጨበ ሰው ለድንጋዩ ምን ይበል? ታፈሰ ወደ ፈረሱ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ሌላ ነገር መጣ። ሰባ ሁለት ዓመት ቀልድ አይደለም፤ ታፈሰ ራሱ ከድንጋዩ ላይ ካልሆነ ፈረስ መውጣት ካቆመ ቆይቷል። ድንጋዩ ደግሞ ከሽቦው ወዲያ ነው። አውራ ጣቱን ቀለበቱ ውስጥ ከትቶ ሊፈናጠጥ ሞከረ፤ ኮርቻው ወደሱ ዞረ፣ ወረደ። ኮርቻውን አስተካከለ። እንደገና ሞከረ፣ እንደገና ወረደ። ግራጫው አንገቱን አዙሮ አየው።

ዓለምሸት በፈረሱ ኋላ ዞረች። ወዲያኛውን እርካብ በሁለት እጇ ያዘች።

«ተዪው!»

«ማን አዘዘኝ?» አለች፣ ከፈረሱ ጀርባ ማዶ።

ታፈሰ በኮርቻው ላይ አሻግሮ አያት። አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ብረቱ ከብዷት ይሁን አቀርቅራ ልትስቅ ፈልጋ አላወቀም።

«እንዲያ አይደለም» አለ። «በአንድ እጅ ይበቃል። ደግሞ ቀና በይ።»

አንድ እጇን ለቀቀች፣ ቀና አለች። አውራ ጣቱ ቀለበቱን አገኘ፤ ኮርቻው ንቅንቅ ሳይል ወጣ።

በሳምንቱ ናስር በማጂ ሲያልፍ ታፈሰ ከነዚያው ጎረምሶች ጋር ከደጁ ፊት ሌላ ድንጋይ ሲያንከባልል አየው። ከፊተኛው ይከብዳል፤ ለማንም ቅርስ እንዳይመች።