ጋሼ ተፈራ ያልጨረሱት ተረት

ልጅ ሳለሁ እናቴ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ በሚባለው የአበሻ ሰፈር ምግብ ቤት ትሠራ ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከሥራ እስክትወጣ የምጠብቃት ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ ጋሼ ተፈራ በሚቀመጡባት ኪዮስክ የምታህል ክፍል ነበር። መስኮቷ ስለማይገጥም የጥብስ ጢስ ይገባብናል። ጋሼ እግራቸውን ወደ ቀላው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዘርግተው ያወሩልኛል።

ያኔ የምሰማው ስለ ጅብና ስለ ጦጣ አልነበረም። ጋሼ በወጣትነታቸው፣ በደርግ ጊዜ፣ ከገበያ መሀል ለውትድርና ታፍሰው፣ ከጦር ሜዳ ጠፍተው በሱዳን በኩል የወጡ ሰው ናቸው። የሚወዱት ተረት ግን የአሜሪካ ነበር። ድሮ ሰሜንና ደቡብ ሲዋጉ፣ መንግሥት ድሃውን በዕጣ ሊያዘምት፣ ሀብታሙ ግን ገንዘብ ከፍሎ ሊቀር ሆነ። የኒውዮርክ ድሃ ታዲያ ምን አደረገ? «ግልብጥ ብሎ ወጣ!» ይሉና ጉልበታቸውን በጥፊ ይመታሉ። «ዕጣ የሚወጣበትን ቤት አነደደው!» ተረቱ እዚያ ላይ ያልቃል፤ እኔም አጨበጭባለሁ።

አንድ ቀን በታሪክ ክፍለ ጊዜ ተነስቼ ይህንኑ ተረክሁ፤ ጉልበቴንም እንደሳቸው መታሁ። አስተማሪዋ አመሰገነችኝና የቀረውን ጨረሰችው። ያ ሕዝብ ቤቱን ካነደደ በኋላ፣ በባርነት ሰበብ የተነሳው ጦርነት የመጣው በእናንተ ነው ብሎ ጥቁሮችን ማደን ጀመረ፤ የመብራት እንጨት ላይ ሰቀላቸው፤ ወላጅ የሌላቸው ጥቁር ሕፃናት የሚያድጉበትን ቤትም አቃጠለ። እኔ ገና እንደቆምኩ ነበርኩ። የክፍሉ ልጆች ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ማታ «ጋሼ፣ ታውቅ ነበር?» አልኳቸው፤ አንቱ ማለት ያኔ አልለመደብኝም።

«አውቅ ነበር፣ ልጄ።»

«ሶ፣ ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?»

እግራቸውን ከማሞቂያው ሰበሰቡ። «እኛን ሲያፍሱን ገበያተኛው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ተዉ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። የሚቆጣ ሕዝብ አማረኝ» አሉ።

«እኔንም አንተንም ነበር የሚሰቅሉን!» ብዬ እናቴ ዘንድ ሮጥኩ። ከዚያ ወዲህ ተረት ንገረኝ ብያቸው አላውቅም።

አሁን እሳቸው የሉም። አልፈርድባቸውም፤ ግን ዛሬም አልወጣልኝም። ዘንድሮ ልጄ አሥራ ስምንት ሞላውና እንደ አገሩ ሕግ፣ ጦርነት ቢመጣ እንዲጠራ፣ ለውትድርና ተመዘገበ። «ቢጠሩን ሁላችንም ለተቃውሞ መንገድ እንወጣለን፣ ማሚ» አለኝ፣ ዓይኑ እያበራ። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። ያ ሁሉ ሰው ሲቆጣ አንተን ከማን እንደሚቆጥርህ ታውቃለህ ወይ ልለው አፌን ከፈትኩና፣ ፊቱን አይቼ «ኦኬ፣ የኔ ጌታ» ብቻ አልኩት።