ሁለተኛው «እንዴት ነህ?»

አጎቴ ለቡ መብራት ኃይል ይኖሩ የነበሩ ጡረተኛ ነርስ ነበሩ። ጎረቤት ሲታመም በረንዳቸው ላይ ካለው ወንበር አጠገብ አያጣቸውም ነበር። የግፊት መለኪያውን ከማንሳታቸው በፊት «እንዴት ነህ?» ይላሉ። ሰውየው ሆዱን ጨብጦም ቢሆን «ደህና፣ ተመስገን!» ይላል። እሳቸው ግን ደግመው ይጠይቁታል። ሕመሙን የሚናገረው ያኔ ነው።

እኔም ነርስ ስሆን፣ «የመጀመሪያው መልስ የእግዜር ነው፤ የሐኪም ሁለተኛው ነው» ብለው መከሩኝ።

ያረፉ ዕለት ጠዋት ተረኛ ነበርኩ። ወደ ሥራ እየተጣደፍኩ በበረንዳቸው በኩል ሳልፍ፣ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» አልኳቸው።

«ተመስገን፣ ልጄ።»

ወንበሩ አሁን ባዶ ነው። እኔ በሽተኞቼን ሁሉ ሁለቴ እጠይቃለሁ። እሳቸውን ግን፣ የታክሲው ሰልፍ እንዳይረዝምብኝ ብዬ፣ አንዴ ብቻ ጠየቅኳቸው።