በፎጣ የተጠቀለለችው ድስት

ክረምት መግባቱን የሚነግረኝ ጉልበቴ ነው። የምኖረው ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐምሌ ከገባ ደረጃውን በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አልወርድም።

ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት አልፎታል። አንዲት ልጄ ባለፈው ጥር አግብታ ደብረ ብርሃን ገባች። ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ሸኝቻት ተመለስኩ። ይህ ብቻዬን የከረምኩበት የመጀመሪያው ክረምት ነው።

ብቻውን የሚከርም ሰው ልማድ ያስፈልገዋል። ጠዋት ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ። ከዚያ ዝንጅብል የፈላበት ውኃ በትልቁ ኩባያ ይዤ መስኮቱ አጠገብ እቀመጣለሁ። ከሰዓት በኋላ እግሬን ጨው ባለበት ሙቅ ውኃ እነክራለሁ። ውኃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ ያንኑ ለመጸዳጃ ቤት አስቀምጠዋለሁ። ቀጥሎ የሱፍ ካልሲ፣ ቀጥሎ ጋቢ። ሁሉም ይሞቃል፤ ተመስገን። ግን አንዱም አይናገርም።

ማታ ማታ ልጄ ትደውላለች። «ማን አለ?» ትለኛለች። «እግዚአብሔር አለ» እላታለሁ። ከዚያ ደህና እደሪ ተባብለን ስልኩን እንዘጋለን።

ፍልሰታ ሲገባ ሳል ያዘኝ። በጾሙ ዝንጅብሉም ቢሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስላልቻልኩ ቅዳሴውን በድምፅ ማጉያው እየሰማሁ ከቤቴ ቆሜ አስቀድስ ነበር። በሦስተኛው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ።

ትይዩዬ ባለው ቤት በሰኔ የገባችው መምህርት ናት። ከወለጋ የመጣች፣ ጴንጤ ናት። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም። በፎጣ የጠቀለለቻትን ትንሽ ድስት በሁለት እጇ ይዛለች።

«እማማ፣ ሳልዎት እኔ ቤት ድረስ ይሰማኛል። አጥሚት ነው። ወተትና ቅቤ አለው፤ ሳይበርድ ይጠጡት» አለችኝ።

ጾም ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንዲህ ካልኳት ድስቷን ይዛ ትመለሳለች፤ ነገም አታንኳኳም ብዬ ፈራሁ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልኳት።

ስትሄድ ድስቷን ከነፎጣዋ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጋቢዬን ደረብኩባት። እስክትቀዘቅዝ ድረስ እንደዚያ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ እንደዚያ ቀን ሞቆት አያውቅም። ማምሻውን ወርጄ አጥሚቱን ለግቢው ጥበቃ ሰጠኋቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ጠጥተው መረቁኝ። የሰው ዕቃ ባዶውን ስለማልመልስ ድስቷ ውስጥ ቆሎ አድርጌ አቆየሁላት።

በማግስቱም መጣች። በሦስተኛውም ቀን። ሁሌ ድስቷን ከነቆሎው ወስዳ፣ አጥሚት ሞልታባት ትመለሳለች፤ ትንሽ ቆማ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ተማሪዎቿ ታወራኛለች። እኔም አቅፌው ሞቄ፣ ለጥበቃው ይዤ እወርዳለሁ።

በአራተኛው ቀን ቀረች። አመሻሽ ላይ ጥበቃውን ጠየቅኳቸው።

«ትናንት ድስቷን ቧንቧው ጋ ሳጥብ አየችኝ» አሉ። «እማማ ናቸው የሚያጠጡኝ፣ እጃቸው ይባረክ አልኳት። ፊቷን አዙራ ወደ ላይ ወጣች።»

አምስት ቀን በሬ አልተንኳኳም። የእሷ በር ሲከፈት እሰማለሁ፤ ሲዘጋም እሰማለሁ። ዝንጅብሌን አፈላሁ፤ እግሬን ነከርኩ። ልማዴን ሁሉ አደረግሁ። በስድስተኛው ቀን ንፍሮ ቀቀልኩና ድስቷን ሞልቼ፣ ፎጣዋን አጥቤ፣ ኮሪደሩን ተሻገርኩ።

በሯን ከፍታ ድስቷን አየቻት። «ለጥበቃው ይተዉለት እንጂ» አለችኝ። «ለምዶታል።»

«ልጄ፣ ጾም ነው።»

«ጾሙንማ አውቃለሁ። እንዲህ እየሳሉ ይጾማሉ?»

«እሳላለሁ፤ እጾማለሁም።»

«እኔ እኮ የጴንጤ እጅ ተጸይፈው ነው ብዬ…»

«ብጸየፍ ጉልበቴ ላይ አቅፌው እውላለሁ?»

«ምኑን?»

ነገርኳት። አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «ከሰል ባመጣልዎት ይሻል ነበራ» አለች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። «ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዳትቀሪብኝ።»

ድስቷን ተቀበለችኝ። «ስንት ሰዓት ነው የሚበሉት?» አለች።

«ዘጠኝ።»

በማግስቱ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። «ቅቤ የለው፣ ወተት የለው። ማርም አላደረግሁበትም» አለች።

«ማር እንኳ ይቻል ነበር።»

«ይኸው፣ ዛሬስ ተናገሩ» ብላ ተቀመጠች። ስጠጣ አየችኝ።

ጾሙ ተፈታ። እሷ ግን በዘጠኝ ሰዓት ያንኑ በውኃ የተሠራ አጥሚት ማምጣቷን አልተወችም። እኔም ጾሙ አለቀ ሳልላት ሦስት ቀን ጠጣሁ። በአራተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍተው ቅቤው ሸተተኝ። ቀና ብዬ አየኋት።

«ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ካየሁ አራተኛ ቀኔ ነው» አለች። «መቼ እንደሚነግሩኝ ልይ ብዬ ነበር።»

«አለቀ ካልኩሽ የምትቀሪ መስሎኝ።»

«እና እስከ ፋሲካ ያለ ቅቤ ሊጠጡልኝ ነበር?»

«ነበር» አልኳት።

ውጭው ይዘንባል። አንድ ያልጠየቅኳት ነገር ነበረኝ፤ እሱንም ሳልናገር ልተወው አልኩና ሐሳቤን ቀየርኩ። «በመስከረም ትምህርት ሲከፈትስ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ዘጠኝ ተኩል ነው የምንለቀው» አለች። «አሥር ሰዓት ይሁንልዎት።»

ስትወጣ በሯ ሲዘጋ ሰማሁ። ቤቱ እንደገና ጸጥ አለ። ማታ ልጄ ደውላ «ማን አለ?» ስትለኝ ድስቷን እያጠብኩ ነበር። «ማንም የለም» አልኳት፤ «ነገ ግን ሰው ይመጣል።» ስልኩን ዘግቼ ድስቷ ውስጥ ቆሎ አደረግሁ፤ ፎጣዋንም አጥፌ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ።