ፊት ሙሉ ጭምብል ይሆነኝ እንደሆን፦ ከፒያሳ እስከ ባቦጋያ

ቅዳሜ ጠዋት ከባለቤቴ ከሰይድ ጋር ከፒያሳ ተነስተን ወደ ቢሾፍቱ ወረድን። ለሽርሽር አልነበረም የሄድነው፤ ጭምብል ልንሞክር ነው። ጭምብል ስል ፊትን ከግንባር እስከ አገጭ የሚሸፍነውን፣ አናቱ ላይ መተንፈሻ ቱቦ የተሰካበትን የዋና ዕቃ ማለቴ ነው። እሱን አጥልቆ ውሃ ላይ በደረቱ የተኛ ሰው ቀና ሳይል እየተነፈሰ ከታች ያለውን ዓሣ ያያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንደ ቤቱ በአፍንጫው ይተነፍሳል።

የጉዞው ምክንያት ታላቅ እህቴ ሰዓዳ ናት። ጅቡቲ አግብታ፣ ወልዳ፣ እዚያው ኖራለች። ባሏ ከሞተና ልጆቿ በየፊናቸው ከሄዱ በኋላ ግን ቤቷን ሸጣ ጠቅልላ ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ነው። ስልክ በደወለች ቁጥር፣ “ዘሀራዬ፣ ሳልመጣ ድረሽ። አንድ ቀን አብረን ባሕር ገብተን ዓሦቹን እንይ” ትለኛለች። እሷ ከመጣች ባሕር አጠገብ የሚኖር ዘመድ አይኖረንም። ይህ ዕድል ካለፈ አለፈ ማለት ነው፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ሌላ እጠብቃለሁ ብዬ ራሴን አላታልልም።

ስለዚህ አንድ መዋኛ በሴቶች ሰዓት ተመዝግቤ መንሳፈፍ ተማርኩ። ከውሃ ጋር ተስማማን፤ ከቱቦው ጋር ግን አልተስማማንም። አስተማሪዋ በአፍ የሚነከሰውን ቱቦ ስትሰጠኝ ገና ምላሴን ሲነካው አቅለሸለሸኝና ቁርሴን መዋኛው ጠርዝ ላይ መለስኩት። ከዚያ ወዲያ ነው ፊት ሙሉው ጭምብል ልቤን የወሰደው።

ያመጣችልኝ ከዱባይ ዕቃ የምትነግደው ፋጡማ ናት። “ትንሹን፣ መካከለኛውን ወይስ ትልቁን?” ብላ ስትጠይቀኝ ዓይኔን አላሸሁም። “ትልቁን!” አልኳት። ፒያሳ ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ፤ የሙያዬ ሕግ ሰፋ አድርጎ መቁረጥ ነው። የሰፋውን በመርፌ አጠበዋለሁ፤ ለጠበበው ግን ጨርቅ ከየት ይመጣል? ሙሽራም ትምጣ ተማሪ፣ ከልኳ ትንሽ አትርፌ ነው የምቆርጠው። የሰውን ፊትም እንደ ቀሚስ አየሁት።

ፒያሳ፣ ከመነሳታችን በፊት

ቁርሳችንን ሁሌ የምንቀመጥበት ኬክ ቤት በማኪያቶና በቦምቦሊኖ ጀመርን። ጭምብሉን ከፌስታሉ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ጎረቤቴ ጫማ ሻጩ ጋሽ ወልዴ ከባንኮኒው ዞሩ።

“ዘሀራ፣ ምንድን ነው እሱ? ጨረቃ ልትወጪ ነው?”

“ባቦጋያ ልወርድ ነው ጋሽ ወልዴ።”

“ያው ነው፤ ሁለቱም ጋ ታክሲ የለም።”

ፒያሳ ውስጥ ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃው የሱ ብቻ አይደለም። ጭምብሉ ከእጅ እጅ ዞረ። አንዱ ማሰሪያውን ሳበ፣ አንዷ ለበሰችውና ፎቶ ተነሳች። ጋሽ ወልዴም ሰፊ ፊታቸውን ከተው ልክክ አለላቸው። “ይህማ ልክ ነው! በዚህ ሱቅ ብከፍት ዱቤ የሚጠይቀኝ የለም” ሲሉ ኬክ ቤቱ በሳቅ ደመቀ። ለእሳቸው ልክ መሆኑ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ የነበረብኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን ከሁሉም ጋር ሳቅሁ። ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጬ ስሞክረው አገጬ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት አይቼ ነበር፤ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርጌ አለፍኩት። ሰይድ ብቻ፣ “ጆሮሽ ተጣጠፈኮ” ብሎኝ ነበር።

መንገድ

ከፒያሳ ለገሃር፣ ከለገሃር ቃሊቲ ታክሲ እየቀያየርን ደረስን። መናኸሪያው እንደ ልማዱ ይጮሃል፤ የቢሾፍቱው ሚኒባስ ግን ቶሎ ሞላ። እኔ መስኮት ሥር ተቀመጥኩ፤ ሰይድ ፌስታሉን እንደ ዕንቁላል ጭኑ ላይ ይዞ ከጎኔ ሆነ። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት ዞር ብለው አዩትና ራሳቸውን መግታት አቃታቸው።

“ልጄ፣ በሽተኛ አላችሁ እንዴ? ኦክስጅን ነው?”

“የለም እናቴ፣ ለዋና ነው” አለ ሰይድ። “ባለቤቴ ዓሣ ልታይ ነው።”

“ዓሣማ ዱከም ምግብ ቤት ሞልቷል። ጭምብል ምን ያደርጋል?” ብለው ወደ ፊታቸው ተመለሱ።

አቃቂን አልፈን ዱከም ስንደርስ ክረምቱ ጥሎት የሄደው ልምላሜ ጀመረ። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ነፋስ ሲያልፍበት ይተኛና ይነሳል። በግራ የረር፣ በቀኝ ራቅ ብሎ ዝቋላ ደመና ለብሶ ይታያል። እኔ ግን ከተራራው ይልቅ ጭምብሉን ነበር የማየው። ፈርቼ ነበር። ጭምብሉ ካልሆነኝ ለሰዓዳ ምን እላታለሁ? ዘመኗን ሁሉ ከባሕር ጋር ለኖረች ሴት፣ “ቱቦ ያቅለሸልሸኛል” ብዬ ዳር ልቀመጥ? ከእሷ ፊት ማፈሩ ነው የከበደኝ።

ባቦጋያ

ከቢሾፍቱ ከተማ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ወረድን። የገባንበት መዝናኛ የመግቢያ ዋጋው ከተነገረን ከፍ ብሏል። ሰይድ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ከምግቡ ሒሳብ ላይ እንደሚቀነስ ሲነገረው መልሶ ገጠመው።

ባቦጋያ ዙሪያውን ገደል የከበበው፣ ከዳሩ ጀምሮ ወዲያው የሚጠልቅ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ሰው የሚገባው ውሃው ላይ ከተሠራ የእንጨት መድረክ በመሰላል ነው። እኔ ራሴ የሰፋሁትን፣ ከነፀጉሬ የሚሸፍነኝን የዋና ልብስ ለብሼ ወረድኩ። ዋና የማያውቀው ሰይድ ፎጣዬንና ነጠላ ጫማዬን ታቅፎ መድረኩ ላይ ቆመ።

መጀመሪያ ጭምብሉን ከፀጉር መሸፈኛዬ በላይ አደረግሁት። ውሃው በጨርቁ ሥር በግንባሬ በኩል ሰተት ብሎ ገባ። ጎማው የግድ ቆዳ ላይ ማረፍ አለበት። ወጥቼ ጭምብሉን ከነማሰሪያው ከሥር፣ መሸፈኛውን ከላይ አድርጌ ተመለስኩ። አሁን ውሃ አልገባም። በደረቴ ተኛሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ደስ ይላል። አፍን የሚያስጨንቅ ነገር የለም፤ እይታው እንደ መስኮት ሰፊ ነው። አረንጓዴ ብርሃን ወደ ታች ሲወርድ፣ የመድረኩ እግሮች የለበሱት ሙጃ ሲወዛወዝ አየሁ። ሰዓዳን ጠርቼ ባሳየኋት ብዬ ተመኘሁ።

ትንሽ እንደቆየሁ አየሩ ከበደኝ። ጋቢ ተከናንቦ እንደሚተነፍስ ሰው ሙቀቱ መልሶ ፊቴ ላይ ይመጣል፤ ራሴን መውጋት ጀመረኝ። ቀና ልበል ስል ፊቴ ሰፊው ጭምብል ውስጥ ተንሸራተተና በአገጬ በኩል ውሃ ገባ። አንድ ጊዜ ጠጣሁ። ላወልቀው ስል ማሰሪያው በመሸፈኛዬ ሥር ነው፤ እጄ ጨርቅ እንጂ ጎማ አያገኝም። ሁለተኛ ጠጣሁ። ከላይ የሰይድ ድምፅ፣ “ዘሀራ! ዘሀራ!” ይላል። በዚያች ቅጽበት የማውቀው ዋና ሁሉ ከራሴ ጠፋ። በዳሰሳ የመድረኩን እንጨት አገኘሁና በአንድ እጄ ተንጠልጥዬ መሸፈኛውንም ጭምብሉንም ባንድነት መንጭቄ ጣልኩት። ስስል፣ ሳለቅስ፣ ቀና ብል ሰይድ ከነሱሪው መሰላሉ ላይ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ እጁን ዘርግቶልኛል።

ሲዋኙ ያየኋቸው አንዲት ሴት ቀዝፈው ደረሱልን። ወይዘሮ ትዕግሥት ይባላሉ፤ በየቅዳሜው ከባላቸው ጋር ከአምስት ኪሎ እየመጡ የሚዋኙ ናቸው። ፎጣዬን አልብሰው እስክረጋጋ ጠበቁኝ፤ ከዚያ ጭምብሉን አነሱት።

“ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ማን መረጠልዎ?”

“ራሴ ነኝ። ሰፋ ያለ ይሻላል ብዬ።”

“ይሄማ የወንድ ፊት ነው። ውስጡ ክፍት ቦታ ሲበዛ የተነፈሱት አየር እዚያው ይቀርና መልሰው እሱኑ ይስባሉ። ራስዎን አላመመዎትም?”

“አሞኛል።”

“በቃ፣ እሱ ነው። ዓይንና አፍንጫ ብቻ የሚሸፍነው ጭምብል ውሃ ቢገባው በአፍንጫ ነፍተው ያስወጡታል። ይሄ ግን ማውለቅ ብቻ ነው መፍትሔው።”

“ታዲያ መጥፎ ነው ማለት ነው?”

“አይደለም። ባለቤቴ በልኩ ገዝቶ ወዶታል፤ ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ወደ ታች አይጠልቅም። ግን ማውለቁን ዓይኑን ጨፍኖ ተለማምዷል።”

ከቦርሳዬ ሜትሬን አውጥቼ ከአፍንጫዬ አናት፣ ከዓይኖቼ መካከል እስከ አገጬ ለካሁ፤ ጭምብሉ በመጣበት ካርቶን ላይ ከተጻፈው ልክ ጋር አስተያየሁት። ልኬ ትንሹ ነበር። የአራዳን ሴት ሁሉ የምለካ ሰው የራሴን ፊት ሳልለካ መጥቻለሁ! ሳቄ መጣ፤ ሰይድም ሱሪውን እየጨመቀ ሳቀ።

የዚሁኑ ትንሹን ልክ ልግዛ ወይ ብዬ እዚያው አሰብኩ። በልኬ ቢሆን ውሃው አይገባም ይሆናል፣ አየሩም ይሻላል። የእኔ ችግር ግን ፀጉር መሸፈኛዬ ነው፤ ከጎማው ሥር ቢሆን ያፈሳል፣ ከማሰሪያው በላይ ቢሆን ቶሎ አላወልቀውም። የሰዓዳ ባሕር ደግሞ ማዕበል አለው። የማላወልቀውን ነገር ፊቴ ላይ አድርጌ ባሕር አልገባም። ለራሴ ቆረጥኩ፤ ለሌላው ሰው መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ወይዘሮ ትዕግሥት የራሳቸውን ዓይንና አፍንጫ ብቻ የሚሸፍን ጭምብል ከነቱቦው እንድሞክረው ሰጡኝ። ማሰሪያው በመሸፈኛዬ ላይ እንኳ ቢያልፍ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርጉት ይወልቃል። የቀረው ያ የፈረደበት ቱቦ ነው። አጥቤ አፌ ጋ ሳስጠጋው ሆዴ ወዲያው ተንቀሳቀሰ።

“ስፌት ነው አይደል ሙያዎ? ስፒሉን የት ነው የሚይዙት?” አሉኝ።

“በከንፈሬ።”

“ቀኑን ሙሉ?”

ቀኑን ሙሉ! ደንበኛ ቆማ ስለካላት፣ ስፒል በከንፈሬ ይዤ አወራለሁ፣ እቆጣለሁ፣ እስቃለሁ፤ አንድም ቀን አቅለሽልሾኝ አያውቅም። ቱቦውን እንደ ስፒል ከንፈሬ ላይ አሳረፍኩት፤ በጥርሴ ወደ ውስጥ መጎተቴን ተውኩ። መሰላሉ ላይ ቆሜ ተነፈስኩበት። ደግሜ ተነፈስኩ። ሆዴ ዝም አለ።

ከዚያ ከመድረኩ የተዘረጋውን ገመድ ይዤ ፊቴን ውሃ ውስጥ ከተትኩ። መጀመሪያ አረንጓዴው ብርሃን፣ ቀጥሎ ሙጃው፣ ቀጥሎ ከመድረኩ ጥላ ሥር ቆሮሶ ዓሦች በሰልፍ ወጡ። አንዱ ዞሮ አየኝና እንደ ኩሩ ደንበኛ ፊቱን አዞረብኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ከስንት ዘመን በፊት እንደተሰማኝ አላስታውስም።

ምሳችንን ከወይዘሮ ትዕግሥትና ከባላቸው ጋር በላን፤ ጥብስ ዓሣ ከዳጣና ከትኩስ ዳቦ ጋር። የሰይድ ሱሪ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እሱ ፎጣ ታጥቆ ይበላል።

“ዋና አታውቅም፤ ምን ልታደርግ ነው የወረድከው?” አልኩት።

“እኔ እንጃ” አለ ዓሣውን እየፈለቀቀ። “አብሬሽ ልጠጣው ነበር መሰለኝ።”

መመለስ

ቃሊቲ ላይ ዝናብና መጨናነቅ ጠበቀን። ፒያሳ ስንደርስ መብራቱ በርቶ ነበር፤ ሰዉ በሰፋው የእግረኛ መንገድ ላይ ጥላውን ይዞ ይንሸራሸራል። በማግስቱ ፋጡማ ጭምብሉን ለጋሽ ወልዴ ሸጠችልኝ። የት እንደሚዋኙ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ይህን ጭምብል ልትገዙ የምታስቡ ብትኖሩ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ፊታችሁን ለኩና በልካችሁ ግዙ፤ ለማትረፍ አታስቡ። ፀጉርም ጨርቅም ጺምም በጎማው ሥር አይግባ። ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ማውለቁን ተለማመዱ፤ ራሳችሁን ከወጋችሁ አውልቁና እረፉ። ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ማየት ለሚበቃው ሰው ጥሩ ነው። ለእኔ ግን አልሆነም፤ ይህን ማወቄ ጉዞውን አስወደደኝ።

ከባቦጋያ በተመለስንበት ምሽት ለሰዓዳ ደወልኩላት።

“እታለም፣ ፊት ሙሉው ጭምብል አልሆነኝም። ዓይንና አፍንጫ ብቻ በሚሸፍነው ነው የምገባው። አንቺስ በየትኛው ነው የምትገቢው?”

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። 

“ዘሀራዬ፣ እኔኮ ገብቼ አላውቅም።”

“ምኑን?”

“ባሕሩን። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነው። ልጆቹ ሲገቡ ፎጣ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ከማን ጋር ልግባ? ዘሀራ ስትመጣ እገባለሁ እያልኩ ኖርኩ።”

እኔ ከእሷ ፊት እንዳላፍር ነበር ይህን ሁሉ የተጨነቅሁት። እሷ ደግሞ ባሕር ዳር ተቀምጣ እኔን ስትጠብቅ ኖራለች። እሷው ቀጠለች። ታላቄ ናት፤ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም።

“ውሃ ውስጥ ሲያዩ... ያስፈራል እንዴ?”

“መጀመሪያ ያስፈራል” አልኳት። “እጅሽን እይዝሻለሁ።”

በሳምንቱ ከሰይድ ጋር የጅቡቲ ቲኬት ቆረጥን።