ዝጌ ይታየኛል

ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎቼ አንዱ የመመረቂያ ሥራውን ሊያሳየኝ ቢሮዬ መጣ። ሁለት ስልኮች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮግራም ነው። በአንዱ ስልክ "ሰላም" ብሎ ጻፈ። ጣቱን ሳያነሳ ከሥሩ "ደርሷል" የሚል ቃል ወጣ።

"ሁለተኛውን ስልክ አጥፋውና እንደገና ላክ" አልሁት።

አጠፋውና ላከ። አሁንም "ደርሷል" አለ። ልጁ አፍሮ ሳቀ። "ቲቸር፣ እሱን በኋላ አስተካክለዋለሁ" አለኝ።

እኔም በሃያ አራት ዓመቴ "በኋላ" ብዬ ነበር።

ያኔ እኔና የክፍል ጓደኛዬ ይበልጣል ከተመረቅን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ባሕር ዳር ወደብ አጠገብ፣ ከአንድ ዓሣ ቤት በላይ ጠባብ ክፍል ይዘን እንሠራ ነበር። ከታች የሚጠበሰው የቆሮሶ ዓሣ ሽታ በወለሉ ስንጥቅ ይገባል፤ ሹራቤን ባጥበው እንኳ አይለቅም። መስኮታችን ወደ ጣና ነው። ጠዋት ጠዋት ውኃው እንደ ተወለወለ መስታወት ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ቀለሙ ይደፈርሳል። ክረምት ላይ ጣናን የሚያውቅ ሰው ከሰዓት በኋላውን አያምነውም።

የምንሠራው ለጀልበኞች ነበር። በየጀልባው አንድ ስልክ ይኖራል፤ ስልኩ ጀልባው የት እንዳለ ይነግረናል፤ እኛም አየሩ ሲከፋ ማስጠንቀቂያ እንልካለን። ይህን ያስቻለን ሌሎች ሰዎች ጽፈው ለሁሉ የለቀቁት ላይብረሪ፣ ማለትም ማንም በራሱ ፕሮግራም ውስጥ የሚያስገባው ዝግጁ ኮድ ነው። በስልኩና ሰርቨር በምንለው ዋናው ኮምፒውተራችን መካከል መስመር ከፍቶ ይይዛል፤ በሁለቱም በኩል፣ በፈለጉ ጊዜ፣ መናገር ይቻላል። ሰርቨሩ በየጥቂት ሰከንዱ "አለህ?" ይላል፤ ስልኩም "አለሁ" ይላል። መልስ እስካለ ድረስ ከጀልበኛው ስም ጎን አረንጓዴ ነጥብ ይበራል። መልሱ ሲጠፋ ነጥቡ ግራጫ ይሆናል፤ ግን ወዲያው አይደለም፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። በዚያ መሐል የተላከ መልእክት የትም አይደርስም። መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ መድረሱን ማወቅ ከፈለግህ ተቀባዩን ማረጋገጫ ጠይቅ። አንብቤዋለሁ። የሁለት ቀን ሥራ ነበር፤ አልሠራሁትም። የእኔ ፕሮግራም መልእክቱ ከእኛ ሲወጣ "ደርሷል" ብሎ ይጽፍ ነበር። ይበልጣል በስልኩ በኩል ያለውን ሲጽፍ ከእኔ ይልቅ ተጠንቅቋል። ኔትወርክ ከሌለ ጀልበኛው የጻፈው ስልኩ ላይ ይቀመጥና መስመሩ ሲመለስ ይላክና ከስልኩ ላይ ይጠፋል።

የመጀመሪያው ደንበኛችን ጋሽ ሙሉነህ ነበሩ። ከደልጊ እህል እያመጡ ባሕር ዳር ያራግፋሉ። ስልኩን በላስቲክ ጠቅልለው ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ያስቀምጡታል። "እኔ ብሰጥም እሱ ይንሳፈፋል" እያሉ ይስቁብን ነበር።

ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ፍልሰታ ስለነበር ዓሣ ቤቱ ተዘግቷል፤ ሕንፃው ጭር ብሏል። ጋሽ ሙሉነህ ረዳታቸው ታሞባቸው ጠዋት ከደልጊ ብቻቸውን ተነሥተዋል። ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ በሰሜን በኩል ጠቆረ። "ማዕበል እየመጣ ነው፤ ደቅ ደሴት ይጠጉና ይቆዩ" ብዬ ላክሁ። "ደርሷል" አለ። ጥቂት ቆይቶ ነጥባቸው ግራጫ ሆነ። አይቼዋለሁ። በዝናብ ኔትወርክ መጥፋቱ የተለመደ ስለሆነ ዝም አልሁ። ብደውልም ስልካቸው አይሠራም።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ባለቤታቸው እትዬ እናኑ ከቅዳሴ ወጥተው መጡ። ነጠላቸው ከራሳቸው ላይ ተጣብቋል። የሰባት ዓመት ልጃቸውን ትርንጎን በእጃቸው ይዘዋል።

"ልጄ፣ ነገርሽው? እሱስ ሰማሽ?"

"ደርሷቸዋል፣ እትዬ። ይኸው ይመልከቱት። አሁን ደቅ ተጠልለዋል።"

ማየት የማልችለውን ነገር እንዲህ አድርጌ ተናገርሁ። እሳቸውም "እግዚአብሔር ይስጥሽ" ብለው በረጅሙ ተነፈሱ።

አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ ጋብ አለ። ከወደቡ ሁለት ጀልበኞች ሊፈልጓቸው ሞተር አስነሥተው ነበር። እትዬ እናኑ "ደቅ ገብቷል፤ ልጆቹ በኮምፒውተራቸው አይተውታል" አሏቸው። ሞተሩን አጠፉት። ድምፁ ሲቆም በመስኮት ሰምቻለሁ።

ጋሽ ሙሉነህ በሦስተኛው ቀን ዝጌ አካባቢ ተገኙ። ጀሪካኑ ከነስልኩ ዳር ባለ ደንገል ውስጥ ተሰክቶ ነበር።

ከቀብሩ ሳምንት በኋላ፣ ቀትር ላይ፣ እኔና ይበልጣል ክፍላችን ውስጥ ተቀምጠናል። ከስማቸው ጎን ያለው ነጥብ አረንጓዴ ሆነ። ይበልጣል ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ዘመዶቻቸው ፎቶ ፍለጋ ስልኩን ቻርጅ አድርገውት ኖሯል፤ ያን ያወቅነው ግን በኋላ ነው። ያኔ ያየነው የሞተ ሰው "አለሁ" ሲል ነው። ከዚያ ሁለት መልእክቶች ተከታትለው ገቡ።

"ሞተሩ ጠፍቷል። ውኃ ይገባል። ዝጌ ይታየኛል። ጀልባ ላኩልኝ።" አሥር ሰዓት ከአሥር።

"ትርንጎን አደራ።" አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ።

ከወደቡ ዝጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት አይሞላም።

"ሄደን እንንገራቸው" አለ ይበልጣል።

"እኔ እነግራቸዋለሁ" አልሁ።

ብቻዬን ሄድሁ። እትዬ እናኑ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ከስልኬ ሁለተኛውን መልእክት ብቻ አነበብሁላቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

"ሌላ ምንም አላለም?"

"ምንም።"

"ስንት ሰዓት ላይ ጻፈው?"

"ሰዓቱ አይታወቅም፣ እትዬ።"

እጄን ስበው ሳሙት።

ሥራውን በዚያው ወር ዘጋን። ይበልጣል ወደ ደቡብ ሄደ፤ ሁለቱንም መልእክት እንደነገርኋቸው አምኖ ነው የሄደው። እኔ ማስተማር ጀመርሁ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለጋሽ ሙሉነህ መታሰቢያ እጠራለሁ። ከቄሶቹ አጠገብ ያስቀምጡኛል፤ "የመጨረሻ ቃሉን ያመጣችልን" እያሉ ለእንግዳ ያስተዋውቁኛል። ቆርሰው ያጎርሱኛል፤ አልውጠውም ማለት አይቻልም። ትርንጎን ሒሳብና እንግሊዝኛ አስጠንቻታለሁ። "እቴቴ" ትለኛለች። ለእሷ ያደረግሁት ሁሉ ከፍቅር ይሁን ከፍርሃት ዛሬም አልለየሁትም።

እትዬ እናኑ በዚህ ዓመት ሚያዝያ ላይ አረፉ። ለእሳቸው እውነቱን የምናገርበት ቀን የለም። ሁልጊዜ ሳምንት፣ በዓል፣ ዓመት እየጨመርሁ አሳለፍሁት፤ በመጨረሻ እሳቸው አልጠበቁኝም።

ትናንት ትርንጎ ደወለች። "እቴቴ፣ አባቴ የጻፈውን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። እናቴም ሳታየው ሞተች። አለሽ?"

አለ ብያታለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ትመጣለች። ያኔ እንሠራበት የነበረውን አሮጌ ኮምፒውተር ከፍቼ ሁለቱንም መልእክቶች በአንድ ወረቀት ላይ አተምሁ። ሰዓታቸው ከጎናቸው አለ። ወረቀቱን ካነበበች በኋላ ምን ብላ እንደምትጠራኝ አላውቅም።