ቀሪ የተባሉት ሦስት አባላት

የመንደራችን የወይራ መጭመቂያ ማኅበር አሥር ወንበር አለው፤ ሰባቱ የግሪኮች፣ ሦስቱ የቱርኮች። አባቶቻችን ደንቡን ሲጽፉ የቆጵሮስን ሕገ መንግሥት ነው የገለበጡት። ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ወገን አብላጫ ድምፅ ያስፈልጋል። ደንቡ ሦስት ዓመት ሠራ። ከዚያ ደም ፈሰሰ፣ ቱርኮቹ ጎረቤቶቻችን ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሰሜኑ ወገን ሄዱ፣ ወንበሮቹ ባዶ ቀሩ። በዋና ከተማችን በኒቆሲያ ያለው ፓርላማም ያው ነው፤ ሃያ አራት የቱርክ መቀመጫ አለው፣ የሚቀመጥበት የለም። መቀመጫውን የሚያነሳውም የለም፣ ባለቤቶቹን የሚጠራቸውም የለም። «ግድ ሆኖብን ነው» እያልን ያለእነሱ እንገዛለን። ፕሬዚዳንት ይመጣል፣ ፕሬዚዳንት ይሄዳል፤ የዚች ደሴት እውነተኛ ገዢ ግን ይህ «ግድ» የሚባል ቃል ነው።

ሮዱ በመጭመቂያው ቅስት ሥር ወንበር በደንገል ትጎነጉናለች። የጀመረችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አሁን ስልሳ ሁለት ሞልቷታል። ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ሳቋ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድረስ ይሰማል፤ ቄሱ ሁለት ጊዜ ገሥጸዋታል። በየአምስት ዓመቱ ሦስቱን ባዶ ወንበሮች ታድሳለች፣ ማንም ሳያዛት።

«ምን ያደክምሻል፣ ሮዱ?» ይላታል ሊቀ መንበሩ ፒየሪስ። «አይጥ ነው የሚቀመጥበት።»

«አይጥስ ወገብ የለውም እንዴ?»

በዚያ ዓመት ፒየሪስ መጭመቂያውን የሚገዛ ሰው አመጣ። መጭመቂያው ሊፈርስ፣ ሆቴል ሊሠራበት፣ ሮዱም ከቅስቷ ሥር ልትነሣ ነው። የቱርኮቹስ ድምፅ? ብለን ጠየቅን። ጠበቃው «ቀሪ ሰው ድምፅ የለውም» አለ፣ አለቀ። ሕግ አዋቂ ማለት እንዲህ ነው፤ የራሱን ደንብ ረግጦ ጫማውን ይወለውላል።

ፒየሪስ ግን አንድ ኩራት ነበረው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ጸሐፊያችን ሎይዞስ አሥሩንም ስም ይጠራል። ሦስቱ ጋ ሲደርስ «ቀሪ» ብሎ ይጽፋል። አርባ ዓመት ሙሉ! ፒየሪስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ መዝገቡን እየገለጠ «እዩ፣ እኛ ማንንም አልሰረዝንም» ይላል።

ሮዱ ይህን ይዛ ቤቴ መጣች።

«አንተ እንደሆነ ደንብ ስታነብ ነው የምትውለው። ስማቸው ካልተሰረዘ አባል ናቸው ወይስ አይደሉም?»

«ናቸው። የሞተ ካለም ወራሹ ይተካል።»

«ታዲያ ምን ቁጭ ብለህ ትናደዳለህ? ለኔ ጻፍልኝ እንጂ!»

የሦስቱን ስም በትልቁ ጻፍኩላት። ደሴቲቱን ለሁለት በሚከፍለው መስመር ላይ ያለው ኬላ ከተከፈተ ሁለት ዓመቱ ነበር። በአውቶቡስ ተሻግራ፣ የመንደራችን ቱርኮች በሰፈሩባት በማጉሳ ከተማ ውስጥ ሽማግሌ ያለበትን ቡና ቤት ሁሉ የመንደራችንን ስም እየጠራች አዳረሰች። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰው አገኘች፤ ሰማንያ ስድስት ዓመት የሆናቸውን፣ ድሮ መንደሩ ሁሉ አጎት የሚላቸውን ሺናሲንና የሟቹን አባል የናዚፍን ሴት ልጅ ኤሜቴን። የሦስተኛው ልጆች ለንደን ናቸው። ሁለት ከሦስት ደግሞ አብላጫ ነው።

የስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱ ገብተው ከኋላ ተቀመጡ። ፒየሪስ የሮዱ እንግዶች መሰሉት።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ታገሡን፣ አጭር ጉዳይ ነው።»

ሎይዞስ ስም መጥራት ጀመረ። «ሺናሲ ኸሊል» አለና ልማዱ ነውና መልስ ሳይጠብቅ ብዕሩን ሰደደ።

«አቤት!»

ብዕሩ ቆመ። ሎይዞስ ቀና ብሎ ሽማግሌውን አየ፣ ፒየሪስን አየ፣ እንደገና መዝገቡን አየ።

«ምን... ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ቀሪ ብለህማ አትጽፍም» አሉ አጎት ሺናሲ በኛው ቋንቋ፣ በኛው መንደር አነጋገር። «ቁጭ ብያለሁ እኮ፣ ልጄ።»

ፒየሪስ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። «አርባ ዓመት የት ነበራችሁ?»

«ቀሪ ነበርን» አለች ኤሜቴ። «አልጻፋችሁትም እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሮዱማ ግድግዳ ተደግፋ ሆዷን ይዛ ተጣጠፈች። ፒየሪስ ጠበቃውን አየው፤ ጠበቃው መዝገቡን አየ። በየገጹ የፒየሪስ ፊርማ አለበት። አባል አይደሉም ቢል ፊርማውን ሊበላ ነው።

ድምፅ ተሰጠ። ከሰባታችን አምስቱ ይሸጥ አሉ፤ እንደሚሉ አውቅ ነበር፣ አሁንም ይቅር አላልኳቸውም። አጎት ሺናሲና ኤሜቴ አይሸጥም አሉ። ሽያጩ ወደቀ። ሎይዞስ መዝገቡ ላይ ጻፈው።

ኤሜቴ በጨርቅ የጠቀለለችውን የፋሲካ አይብ ዳቦ ፈታች፤ እነሱም በበዓላቸው ይጋግሩታል። ፒየሪስ እንደተኮሳተረ አንዱን አንሥቶ ገመጠ።

«ዘቢቡ የታለ?»

«ዘቢብ የሚጨምር ጋጋሪ የተረገመ ነው» አሉ አጎት ሺናሲ። «አባትህም በዚሁ ነበር የሚነታረከኝ።»

«አባቴን ይተዉልኝ! እሳቸው ትክክል ነበሩ!»

ይሄኔ ሁሉም ተነሣ፤ ዘቢብ ይግባ፣ አይግባ፣ በሁለት ቋንቋ ተጯጯኸ። በመሐል የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ ይሁን ተባለ። ፒየሪስ ያለው ቀን የእነሱ በዓል ባይራም ላይ ዋለ፣ ኤሜቴ ያለችው ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ላይ። አጎት ሺናሲ «እንግዲያው ነገ» አሉ። ባለሥልጣኖቻችን ሃምሳ ጊዜ ተገናኝተው ያልደረሱበት ክርክር ይህ ነው፤ አብሮ ለመቀመጥ ቀን የማጣት።

ሮዱ መጨረሻውን ሳትጠብቅ ወደ ቅስቷ ሥር ተመለሰች። ሰኞ የምታስረክበው አሥራ ሁለት ወንበር ነበረባት።