ጉሬዛ ጠሪው ኩመራ

ዲንቄ ባሏ ሲሞት አላለቀሰችም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሳምባ ምች ኩመራን ሲወስደው፣ ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ እንባውን ሲያፈስ፣ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ዋለች። መጀመሪያ «ደንግጣ ነው» አሏት። አርባው ሲያልፍ ግን «ምን ዓይነት ልብ ነው ያላት?» ይሉ ጀመር። ሐሜቱ ጆሮዋ ደርሷል፤ አልተቆጣችም። ያስፈራት እሷም እንደ እነሱ ማሰብ መጀመሯ ነው። እህል አይጣፍጣትም፣ አይመራትም። ሰው ሲያወራት ከንፈሩን ታያለች እንጂ ነገሩ አይገባትም። አንድ ጊዜ አልቅሳ ቢወጣላት ሌላ ምንም አትፈልግም ነበር።

ዲንቄ የሶር ፏፏቴ አስጎብኚ ናት። ከመቱ የሚመጣውን እንግዳ በጫካው ይዛ ትወርዳለች፣ ይዛ ትወጣለች። ሥራው ግን የሁለት ሰው ነበር። ኩመራ ቀደም ብሎ በከብት መንገድ ይሄድና ከትልቁ ዋርካ ማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይሸሸጋል። እሷ እንግዶቿን ዋርካው ሥር ታቆምና «ዝም በሉ፣ አሁን ይጮኻል» ትላለች። ኩመራ ከጉሮሮው ሥር እንደ አውራ ጉሬዛ ያጉረመርማል። ትንሽ ቆይቶ እውነተኞቹ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እያንዠረገጉ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ እንግዳው ጉድ ይላል። አጅሬ ደግሞ በሌላ በኩል ዞሮ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ እንደ አላፊ አግዳሚ ይመጣና «ጉሬዛ አያችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። አያፍርም እኮ! ቤት ሲገቡ ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ጥሪው የውሸት ነው፤ ዲንቄ ግን ጉሬዛዎቹ የሚመጡት እሱ ስለሚጠራቸው እንደሆነ ከልቧ ታምን ነበር።

ጥቅምት ላይ ቤታቸውን ጀርባቸው ላይ ያዘሉ የሚመስሉ ሁለት ወጣቶች ከአዲስ አበባ መጡ፤ ሳያትና መክብብ ይባላሉ። ዲንቄ እሺ ያለቻቸው ለሥራው ጓጉታ አይደለም። ፏፏቴው ሥር ሰው ሰውን አይሰማም፤ የሚታዘብ ጎረቤትም የለም። እንባዬ ከመጣ እዚያ ይመጣል ብላ ነው።

ወረዱ። ውሃው ከገደሉ እየተወረወረ ጫካውን ያናውጣል። ሳያት በደስታ ጮኸች፤ መክብብ ጫማውን አውልቆ ድንጋይ ለድንጋይ ተንጠላጠለ። ዲንቄ ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች፣ ጠበቀችም። ፊቷ ረጠበ፤ የፏፏቴው ብናኝ ነው። ውስጧ ግን ምንም የለም። ውሃ ነው፣ ይወርዳል። ተስፋ ቆርጣ «እንሂድ» አለቻቸው።

ዳገቱን እየወጡ ዋርካው ጋ ሲደርሱ እግሯ ራሱ ቆመ። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «ዝም በሉ፣ አሁን ይጮኻል» አለች። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እሷም ጆሮዋን ወደ ማዶው ቁጥቋጦ አቅንታ ጠበቀች። ነፋሱ ቅጠሉን ነካ ነካ አደረገው። ሌላ ድምፅ የለም።

«እትዬ ዲንቄ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው?» አለች ሳያት በሹክሹክታ።

«ኩመራ።»

«ወፍ ነው?»

«ባሌ ነው» አለች ዲንቄ። ያን ጊዜ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። «ሞቷል እኮ» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

በዚህ መሃል ከላይ ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። አንድ ጉሬዛ ብቅ አለ፣ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያ ነጭ ግልገሏን ደረቷ ላይ ያቀፈች እናት። ዋርካው ላይ ተደላድለው ቅጠል ማኘክ ጀመሩ። መክብብ ሳያስበው ካሜራውን አነሳ።

ዲንቄ አንጋጣ አየቻቸው። ማንም አልጠራቸውም። ተናደደች።

«ኤኙቱ ኢስን ዋሜ?» ብላ ጮኸችባቸው። «ማን ጠራችሁ?» ጭቃ ዘግና ወረወረች፤ እስከ ዛፉ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። እናቲቱ ቁልቁል አይታት ወደ ማኘኳ ተመለሰች።

«ያለ እሱም ትመጡ ኖሯል?» አለች ዲንቄ፤ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።